ክሌመንስ ፎን ፒርኬ፦ ቀን ቆጥረው አለርጂን ያገኙት የሕፃናት ሐኪም

መግቢያ

በልምምድ ላይ ያለን ተማሪዎች ሁሉ የምናውቀው አንድ ሥራ አለ። ቁስል ይዞ ለመጣ ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ሴረም፣ በተለምዶ ቲኤቲ የምንለውን፣ ከመስጠታችን በፊት በጣም ጥቂቱን ክንዱ ቆዳ ውስጥ እንወጋና ሰዓት እናያለን። ቦታው ካበጠና ከቀላ እንቆማለን፤ ካልሆነ እንቀጥላለን። ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ስንጠየቅ መልሳችን አጭር ነው፤ አለርጂ እንዳለው ለማወቅ ነው እንላለን። መልሱ ልክ ነው። ግን አለርጂ የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ? ማን አወጣው? ምን አይቶ? ይህን የጠየቀ ሰው መጨረሻው ከአንድ የሕፃናት ሐኪም ደጃፍ ነው። እርሳቸውም የቪየናው ፕሮፌሰር ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ናቸው።

የእርሳቸውን ሕይወት የመረጥኩት ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ከሐብሩ ገጠር ቀበሌዎች፣ ከመርሳም ሆነ ከውርጌሳ፣ ምጥ ያለ ጊዜው የመጣባት እናት ወደ ወልድያ ትላካለች። ያለ ጊዜው የሚወለደው ልጅ ትልቁ ችግር ደግሞ ሳንባው ነው። ለዚህ ሳንባ በዓለም ላይ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋናው ሰርፋክታንት ሲሆን፣ አብዛኛው የሚሠራው ከላም ወይም ከአሳማ ሳንባ ነው። ታዲያ የእንስሳ ነገር አንድ ኪሎ እንኳ በማይሞላ ሕፃን ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሰውነቱ ምን ይላል? ይህን ጥያቄ የምንመልስበትን መንገድ ያሳዩን ፒርኬ ናቸው ብዬ አምናለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ከተጻፈው የኢትዮጵያ አቆጣጠር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደትና ትምህርት

ፒርኬ በ1874 ሜይ 12 ቀን ያኔ ቪየና አጠገብ በነበረችው ሂርሽሽቴተን ተወለዱ። ቤተሰባቸው ባላባት ነበር። መጀመሪያ የተላኩትም ወደ ሕክምና አይደለም፤ በኢንስብሩክ ነገረ መለኮት፣ በቤልጅየሟ ሉቨን ደግሞ ፍልስፍና ተምረዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሐሳባቸውን ቀይረው ወደ ሕክምና የገቡት። በ1900 ከግራትስ ዩኒቨርሲቲ በሐኪምነት ተመረቁ። በግራትስ ያገኟቸው መምህር ቴዎዶር ኤሸሪክ ነበሩ። ኢ ኮላይ የምንለው ባክቴሪያ ስሙን ያገኘው ከእኚህ ሰው ነው። ኤሸሪክ በ1902 ወደ ቪየና ሲዛወሩ ወጣቱ ፒርኬም በቪየና የሕፃናት ክሊኒክ ከእርሳቸው ጋር ሠሩ።

እዚያው ከቤላ ሺክ ጋር ተገናኙ። ሺክ በትውልድ የሃንጋሪ ሰው ሲሆን፣ በኋላ የዲፍቴሪያን የቆዳ ምርመራ በማውጣት ስሙ የታወቀ ነው። ሁለቱ ወጣት ሐኪሞች ቀን ከሌሊት ከአልጋ አልጋ እየዞሩ የሕፃናቱን ሙቀትና ሽፍታ ይመዘግቡ ነበር። ትልቅ ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። የነበራቸው ቴርሞሜትር፣ ቻርትና ትዕግሥት ነው።

የፈረሱ ሴረም

በዚያ ዘመን ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት በሽታዎች አንዱ ዘጊ አነቀኝ ወይም ዲፍቴሪያ ነበር። ጉሮሮን ዘግቶ ሕፃኑን ትንፋሽ ያሳጣዋል። በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር በተከተበ እንስሳ ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። ከ1894 ጀምሮ ደግሞ ከፈረስ የተገኘ ሴረም በስፋት ለሕፃናት መሰጠት ጀመረ። ሊታፈኑ የነበሩ ልጆች ተረፉ። ቤሪንግም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ነገር ግን መድኃኒቱ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ከበሽታው የዳነው ልጅ ከቀናት በኋላ እንደገና ያተኩሰዋል፤ ሰውነቱ ሽፍታ ያወጣል፤ ያሳክከዋል፤ ንፍፊቱ ያብጣል፤ መገጣጠሚያው ያመዋል። ከዚህ የከፋም ነበር። በ1896 በርሊን ውስጥ የአንድ ፕሮፌሰር ትንሽ ልጅ ለመከላከያ ተብሎ ሴረም እንደተወጋ ወዲያው ሞተ። ሕዝቡ ደነገጠ። አንዳንዱ ሴረሙ መርዝ ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ልጆቹ በበሽታው ነው እንጂ በሴረሙ አልታመሙም ብሎ ተከራከረ።

ሁለቱም ወገን የሚናገረው በስሜት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ፒርኬና ሺክ በዚህ ክርክር ውስጥ አለመግባታቸው ነው። የጠየቁት አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ሽፍታው የወጣው መርፌው ከተሰጠ በስንተኛው ቀን ነው?

ስምንተኛው ቀን

በቪየና በዚያን ጊዜ ለስካርሌት ፊቨር የሚሰጥ የፈረስ ሴረም ነበር። የሚሰጠው በብዛት ነው፤ ለአንድ ልጅ እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይደርስ ነበር። ስለዚህ የሴረሙ ሕመም በግልጽ ይታይ ነበር። ፒርኬና ሺክ ቻርቶቹን ሲያመሳክሩ አንድ ሥርዓት አገኙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሴረም የወሰደ ልጅ የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛ የተወጋ ልጅ ግን ያንኑ ቀን፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ይታመማል። በሁለቱ መርፌዎች መካከል ብዙ ወራት ካለፉ ደግሞ ሕመሙ ወዲያው ባይመጣም ከመጀመሪያው ፈጥኖ፣ ከ5 እስከ 7 ባሉት ቀናት ይመጣል።

ይህ ምን ማለት ነው? ሴረሙ በራሱ መርዝ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ጊዜ እኩል ፈጥኖ ይጎዳ ነበር። ሴረሙ አንድ ነው፤ የተለወጠው ልጁ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰውነቱ የፈረሱን ፕሮቲን አያውቀውም፤ አንቲቦዲ ለመሥራት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። አንቲቦዲው ሲደርስ ገና በደም ውስጥ ከሚዞረው የፈረስ ፕሮቲን ጋር ይጋጠማል፤ ሕመሙ የሚመጣውም ከዚህ ግጥሚያ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሰውነቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዛሬ በደም ሥር ግድግዳ፣ በመገጣጠሚያና በኩላሊት ላይ የሚያርፉ የአንቲጂንና የአንቲቦዲ ጥምሮች ብለን የምንማረው ይህንኑ ነው።

ያን ጊዜ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ ነበር። አንቲቦዲ ጠባቂ ነው ተብሎ ብቻ ይታመን ነበርና ጠባቂው ራሱ ያሳምማል ማለት ለብዙዎች ተቃርኖ መሰላቸው። ፒርኬ ሐሳባቸውን በ1903 በታሸገ ፖስታ ለቪየና የሳይንስ አካዳሚ አስቀመጡ፤ ቀዳሚነቱ እንዳይወሰድባቸው ማለት ነው። በ1905 ከሺክ ጋር ሆነው ሴረም ሲክነስ ስለምንለው ሕመም ሙሉ መጽሐፍ አሳተሙ። በእነዚያው ዓመታት ሪሼና ፖርቲዬ በውሾች፣ አርቱስ ደግሞ በጥንቸሎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው ነበር። የፒርኬን ለየት የሚያደርገው የሕፃናቱን ቻርት በማንበብ መገኘቱ ነው።

አለርጂ የሚለው ቃል

በ1906 ፒርኬ በአንድ የሙኒክ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡና አለርጂ የሚለውን ቃል ለዓለም ሰጡ። ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው፤ ሌላ እና ሥራ ከሚሉት። ሰውነት አንድን ባዕድ ነገር አንዴ ካገኘው በኋላ የሚያሳየው የተለወጠ አሠራር ማለት ነው። ልብ በሉ፤ እርሳቸው ቃሉን ለጉዳት ብቻ አላወጡትም። ሰውነት ከተከተበ በኋላ የሚያገኘውን ጥበቃም ያካትት ነበር። በኋላ ነው ትርጉሙ ጠብቦ ዛሬ የምናውቀውን የያዘው።

በ1907 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቲቢ አዞሩት። በሕፃኑ ክንድ ላይ የቱበርኩሊን ጠብታ አድርገው ቆዳውን በትንሹ ጫሩት። ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ቦታው ቀልቶ ካበጠ ልጁ ከቲቢ ጀርም ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ጤነኛ የሚመስሉ ብዙ የከተማ ልጆች ጀርሙን ተሸክመው እንደሚኖሩ በዚህ ታወቀ። በዓመቱ ማንቱ ዘዴውን አሻሽለው በቆዳ ውስጥ መርፌ አደረጉት። ዛሬ የማንቱ ቴስት ስናነብ የምንለካው እብጠት የተወለደው ከፒርኬ ጭረት ነው።

በሰው ፊትና በረሃብ ፊት

ዝናቸው አትላንቲክን ተሻገረ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ፤ ብዙ ግን አልቆዩም። በ1910 ወደ ብሬስላው፣ በ1911 ደግሞ መምህራቸው ኤሸሪክ ሲሞቱ እርሳቸውን ተክተው ወደ ቪየና ተመለሱ።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ ቪየና የተራቡ ልጆች ከተማ ነበረች። አሜሪካኖች እርዳታ ሲልኩ ማን ይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚለውን የመወሰን ሥራ በፒርኬ እጅ ወደቀ። እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው መለኪያ ፈለጉ። የልጁን ክብደት ከመቀመጫው እስከ ራሱ ካለው ቁመት ጋር አነጻጽረው የጉዳቱን ደረጃ ያወጡ ነበር፤ ምግቡን ደግሞ በአንድ ግራም ወተት ጉልበት ለኩት። በዚህ አሠራር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተመገቡ። የመለኪያዎቹ ስሞች ዛሬ ተረስተዋል። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወላጆቻቸው በእርዳታ ጣቢያ የተሰለፉ እኛ የወሎ ልጆች፣ በተራበ ልጅ ፊት በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም።

ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጩም አልተሰጣቸውም። የግል ሕይወታቸውም ቀላል አልነበረም። በ1929 ፌብሩዋሪ 28 ቀን በ54 ዓመታቸው ከባለቤታቸው ከማሪያ ጋር ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ይህን ሳልፈው ማለፍ አልፈለግሁም፤ የሌላውን ሕመም በትክክል የሚያነብ ሰው የራሱን ጭንቀት ብቻውን ሊሸከም እንደሚችል ለእኛ ለሙያው ሰዎች ያስታውሳልና።

ጥያቄው ወደ ሳንባ ሲመጣ

የሚገርመው፣ ፒርኬ በሞቱበት በዚያው በ1929 ኩርት ፎን ኔርጋርድ የተባሉ ሐኪም ሳንባን አንዴ በአየር፣ አንዴ በፈሳሽ እየሞሉ ሲያነጻጽሩ፣ ሳንባ እንዲጨማደድ የሚያደርገው ዋናው ኃይል የገጽታ ውጥረት መሆኑን አሳተሙ። ለ30 ዓመት ያህል ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው በትንፋሽ ችግር የሚሞቱ ሕፃናት ሳንባ ይህን ውጥረት የሚቀንሰው ሰርፋክታንት እንደሚጎድለው አሳዩ። በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ችግር በተወለደ በ39 ሰዓቱ ሞተ። ያኔ የፕሬዚዳንት ልጅም ቢሆን መድኃኒት አልነበረውም። በ1980 ጃፓናዊው ፉጂዋራ ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት ሰጥተው ውጤቱን አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ ከላም ሳንባ ሰርቫንታ፣ ከጥጃ ሳንባ ኢንፋሰርፍ፣ ከአሳማ ሳንባ ኩሮሰርፍ መጡ።

የፈረሱን ሴረም ታሪክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጠይቃል፤ ሰርፋክታንትስ የሴረም ሕመም አያመጣም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ተመራማሪዎችም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በሕፃናቱ ደም ውስጥ አንቲቦዲ ፈልገዋል። የአንቲጂንና የአንቲቦዲ ጥምሮች መኖራቸው አልቀረም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ባልወሰዱ ታማሚ ሕፃናት ደም ውስጥም ተገኙ። ልጆቹ ካደጉ በኋላ በተደረገ ክትትልም ከመድኃኒቱ የመጣ የተለየ የአለርጂ ሸክም አልታየም።

ምክንያቱን ከፒርኬ ትምህርት ተነስተን ልንረዳው እንችላለን። አንደኛ፣ የፈረስ ሴረም በባዕድ ፕሮቲን የተሞላ ነው፤ ሰርፋክታንት ግን በአብዛኛው ስብ፣ ማለትም ፎስፎሊፒድ ሲሆን ፕሮቲኑ በመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሲዘጋጅ ትልልቆቹ ፕሮቲኖች ኤስፒ-ኤ እና ኤስፒ-ዲ ይወገዳሉ፤ የሚቀሩት ኤስፒ-ቢ እና ኤስፒ-ሲ ትንንሽ ከመሆናቸውም በላይ በላም፣ በአሳማና በሰው ላይ በጣም ይመሳሰላሉ። ለሰውነቱ ያን ያህል ባዕድ አይደሉም። ሦስተኛ፣ ያለ ጊዜው የተወለደው ልጅ የመከላከያ ሥርዓት ገና አልጠነከረም። አራተኛ፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው አንዴ ወይም ጥቂት ጊዜ በአጭር ቀናት ውስጥ ነው።

ሰዓቱንና ቀኑን ማንበብ

ይህ ማለት ሰርፋክታንት ሲሰጥ ችግር አይመጣም ማለት አይደለም። ዋናው ነገር መቼ መጣ የሚለው ነው። እኔ የፒርኬን ትምህርት በሦስት ሰዓት ከፍዬ ለመያዝ ሞክሬአለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሕፃኑ ልብ ምት ሊቀንስ፣ ኦክስጅኑ ሊወርድ፣ ፈሳሹ ወደ ቱቦው ተመልሶ ሊዘጋው ይችላል። ፈጣን ስለሆነ ብቻ አለርጂ የሚመስለው ይኖራል። ግን ልጁ ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያው ነው፤ ችግሩ የትንፋሽ መንገዱ በፈሳሽ መያዙ ነው። ስለዚህ መስጠቱን አቁሞ ትንፋሹን ማገዝ፣ ሲረጋጋ መቀጠል ነው።

በቀጣዮቹ ሰዓታት ሳንባው ሊከፈት ይችላል። ይህ ደስታ ነው፤ ግን ኦክስጅኑና ግፊቱ ካልተቀነሰ ልጁን ይጎዳል። አልፎ አልፎ የሳንባ መድማትም ይመጣል። ይህም አለርጂ አይደለም።

ከሳምንት በኋላስ? የፒርኬ ስምንተኛ ቀን የሚያርፈው እዚህ ነው። ልጁ በ9ኛው ቀን ቢያተኩስ ወይም ሰውነቱ ቢቀዘቅዝ፣ ጡት መጥባት ቢያቆም፣ የቀን ስሌቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው የእንስሳው መድኃኒት ነው ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሞተው። ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከተኙት 3,852 ሕፃናት 1,109 መሞታቸውን መዝግቧል። ከሞቱት ውስጥ 45 በመቶው በዚሁ በሳንባ ችግር፣ 30 በመቶው በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው በመታፈን ነው። ስለዚህ በ9ኛው ቀን የመጀመሪያው ጥርጣሬ ኢንፌክሽን መሆን አለበት። ፒርኬም ቢሆኑ ቀኑን የቆጠሩት ሌሎቹን ምክንያቶች ካዩ በኋላ ነው።

ለእኛ አካባቢ

ሰርፋክታንት በዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም ዋጋው ውድ ነው፤ ቅዝቃዜም ይፈልጋል። በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ መድኃኒት አይደለም። እስከዚያው በእጃችን ያለው ለእናቲቱ በጊዜው የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን፣ ባብል ሲፓፕ፣ ልጁን በእናቱ ገላ ማሞቅና የእጅ ንጽሕና ነው። ከመርሳ እስከ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ልጁ ከቀዘቀዘ ኋላ የሚሰጠው ሁሉ ይደክማል።

መድኃኒቱ በእጃችን ሲገባ ግን ወላጆች ከምን እንደተሠራ መጠየቃቸው አይቀርም። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይበላም። እኔ እንደሚመስለኝ ለእናት ዓለምና ለአባወራው እውነቱን መንገር ነው የሚሻለው፤ ከላም የሚሠራ አማራጭ መኖሩን፣ ከአሳማ የሆነውም በአፍ የሚበላ ሳይሆን ነፍስ ለማዳን በሳንባ የሚሰጥ መሆኑን። ከፈለጉ ቄሳቸውን ወይም ሼኻቸውን በስልክ ቢጠይቁ ክፋት የለውም። የሚደበቅ ነገር ያለ ሲመስል ነው ሰው ልጁን ይዞ የሚወጣው።

ከእንስሳ የመጣ መድኃኒት ሁሉ አንድ እንዳልሆነም እናስታውስ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚሠራ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ክትባት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሰውነት የራሱን ነርቭ እንዲያጠቃ ያደርግ ስለነበር በዘመናዊው የሴል ክትባት እንዲተካ ሲመከር ቆይቷል። ቲኤቲም እስከ ዛሬ ከፈረስ ነው፤ ስለዚህ የቆዳ ሙከራውና አጠገብ የሚቀመጠው አድሬናሊን ለወግ ያህል አይደለም። ቲኤቲ የወሰደ ሰው ከሳምንት በኋላ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞ ቢመለስ፣ ወባ ወይም ታይፎይድ ከማለታችን በፊት መርፌውን መቼ ወሰድክ ብለን እንጠይቅ።

ማጠቃለያ

ፒርኬ ለፈረሱ ሴረም ጠበቃ አልሆኑም፤ ከሳሽም አልሆኑም። ሴረሙ ሕይወት ያድን እንደነበር ያውቃሉ፤ ሕመም ያመጣ እንደነበርም በገዛ ዓይናቸው አይተዋል። ሁለቱን አብረው ይዘው የየትኛው ልጅ ሕመም ከየት እንደመጣ በቀንና በሰዓት ለዩ። ለዚህ ያስፈለጋቸው ነገር በሁሉም ዎርድ ውስጥ አለ፤ መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት በትክክል የተጻፈበት፣ ሙቀቱም በየጊዜው የተሞላበት ቻርት። በየሽፍቱ መጨረሻ ከትዝታ የምንሞላው ቻርት ግን ለፒርኬም አይጠቅማቸውም ነበር፤ ለነገው ሕፃንም አይጠቅምም። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ፣ ሰዓቱን ስንጽፍ ያየነውን ሰዓት እንጻፍ።